ስለ አዲስ ጥናት በአማርኛ ልትጽፉ ነው? መጀመሪያ ፔፐሩን አግኙት

ባለፈው "ካንሰርን የሚያጠፋ ግኝት" የሚል የውጭ ዜና ተርጉሜ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩ፣ ሼር በሼር ሆነ፣ ማታ አክስቴ ደውላ "ልጄ መድሃኒቱ የት ነው የሚሸጠው፣ ጎረቤቴ ታማብኛለች" አትለኝም! ያኔ ነው ፔፐሩን፣ ማለትም ተመራማሪዎቹ ራሳቸው የጻፉትን፣ የከፈትኩት፣ ለካ ጥናቱ አይጥ ላይ ነው። ከዛ ወዲህ ዋናውን ሳላነብ አንድ መስመር አልጽፍም።

ጥናቱን ያተመው ጆርናል ለማንበብ ዶላር ሲጠይቃችሁ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። የጥናቱን ርዕስ ጎግል ስኮላር ላይ ፈልጉት፣ ከጎኑ ፒዲኤፍ የሚል ካለ በቃ ተገላገላችሁ። ካልሆነ አንፔይዎል የሚባለውን ነጻ ኤክስቴንሽን ብሮውዘራችሁ ላይ ጫኑ፣ ህጋዊ ነጻ ኮፒ ካለ ዳር ላይ ያለችው ቁልፍ አረንጓዴ ትሆናለች። ለህክምና ፐብሜድ ሴንትራል አለ፣ ለፊዚክስና ለኮምፒውተር ሳይንስ ደግሞ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰራው አርካይቭ (arXiv)። ዩኒቨርሲቲ ወይም ሆስፒታል ውስጥ ያላችሁ ደግሞ ጆርናሎችን የሚያስነብበውን ሪሰርች ፎር ላይፍ ካለ ላይብረሪያችሁን ጠይቁ፣ ኢትዮጵያ በነጻ ከሚፈቀድላቸው አገሮች ናት። ሁሉም እምቢ ካለ ለተመራማሪው አጭር ኢሜይል ጻፉለት፣ አድራሻው ብዙ ጊዜ አብስትራክቱ (የጥናቱ ማጠቃለያ) ገጽ ላይ አለ፣ ጆርናሉ ፔፐሩን ሲሸጥ ለእሱ ሳንቲም አይደርሰውም ስለዚህ ደስ ብሏቸው የሚልኩ ብዙ ናቸው።

ፔፐሩ ሲገኝ መጀመሪያ ፕሪፕሪንት መሆኑን እዩ። ፕሪፕሪንት ማለት ሌሎች ባለሙያዎች ገና ያልገመገሙት ማለት ነው፣ የህክምና ፕሪፕሪንቶች የሚለጠፉበት ሜድአርካይቭ ራሱ እኮ ገጹ ላይ ይሄን እንደተረጋገጠ ነገር ዜና አታድርጉት ብሎ ያስጠነቅቃል። መጻፍ ይቻላል፣ ግን "ገና አልተገመገመም" የሚለው አንደኛው አረፍተ ነገር ላይ ይግባ እንጂ መጨረሻ ላይ አይወሸቅ።

ከዛ ሜተድ የሚለውን፣ ጥናቱ እንዴት እንደተሰራ የሚናገረውን ክፍል አንብቡ፣ አሰልቺ ነው አውቃለሁ። ሰው ላይ ነው አይጥ ላይ? ስንት ሰው? ከምን ጋር ተወዳድሮ? ገንዘቡን ማን ሰጠ? ቁጥር ላይ ደግሞ ጠንቀቅ በሉ፣ "በ50% ቀነሰ" ሲባል ከ1000 ሰው 2 ይታመም የነበረው 1 ሆኖ ሊሆን ይችላል፣ ፐርሰንቱንም የሰዉንም ቁጥር ጻፉት። "ሲግኒፊካንት" የምትለዋን ቃል "ከፍተኛ ለውጥ" ብሎ የሚተረጉም ሰው ያናድደኛል፣ ልዩነቱ በአጋጣሚ ብቻ መጣ ለማለት ይከብዳል ማለት እንጂ ለውጡ ትልቅ ነው ማለት አይደለም፣ ኢምንት ለውጥም ሲግኒፊካንት ይባላል።

ስዕሉን ወይም ሙሉ ጽሁፉን መጠቀም ካሰባችሁ ላይሰንሱን (የአጠቃቀም ፈቃዱን) እዩ። ሲሲ ባይ (CC BY) ከሆነ ባለቤቱን ጠቅሳችሁ፣ ላይሰንሱን ጽፋችሁ፣ የቀየራችሁት ካለ ተናግራችሁ መተርጎምም መለጠፍም ይቻላል። ኤንዲ (ND፣ ቀይራችሁ አታሰራጩ ማለት ነው) የሚል ከተጨመረበት ግን ትርጉም ማሰራጨት አይፈቀድም፣ ብዙ ሰው ይሄን አያውቅም። በራሳችሁ አባባል ማስረዳት ግን ማንም አይከለክላችሁም። የዲኦአይ (DOI) ሊንኩን፣ ማለትም የፔፐሩን ቋሚ አድራሻ፣ ኮመንት ውስጥ ሳይሆን ፖስቱ ላይ አድርጉት።

ከተሳሳታችሁ ደግሞ ፖስቱን ዝም ብላችሁ አታጥፉት፣ ስክሪንሾቱ ቴሌግራም ላይ መዞሩን አይተውም። እኔ ያቺን ፖስት አናቷ ላይ "አይጥ ላይ የተሰራ ነው፣ ተሳስቻለሁ" ብዬ ጻፍኩባት። እርማቱን ሼር ያደረገው ሶስት ሰው ነው፣ አንዷ አክስቴ።