የፖምቤ እርሾን ርዝመት በተራ ማይክሮስኮፕ መለካት

ስኪዞሳካሮማይሲስ ፖምቤ የተባለው እርሾ እንደ ጠላ እርሾ በጎኑ እምቡጥ አያወጣም። በትር የመሰለው ኅዋሱ ከ3 እስከ 4 ማይክሮሜትር ያለውን ውፍረቱን እንደያዘ በጫፎቹ በኩል ይረዝምና ወደ 14 ማይክሮሜትር ሲቃረብ መሐሉ ላይ ግድግዳ ሠርቶ ለሁለት ይከፈላል። ስለዚህ ርዝመቱን የለካ ሰው ኅዋሱ በዑደቱ የት እንደደረሰ መገመት ይችላል፤ ውድ መሣሪያ ባልተሟላበት የጎንደር ቤተ ሙከራም ቁም ነገር ያለው ሥራ ይሠራበታል። በእ.ኤ.አ. 2001 የኖቤል ሽልማትን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የተጋራው ፖል ነርስም ዊ1 የተባለውን ዘረመል በኤድንብራ ያገኘው ገና አጭር ሳሉ የሚከፈሉ ኅዋሶችን በማይክሮስኮፕ አስተውሎ ነው።

እርሾው ለሚያድግበት አንድ ሊትር የምግብ ፈሳሽ (ማሳደጊያ) 5 ግራም የእርሾ ጭማቂ ዱቄት፣ 30 ግራም ግሉኮስ፣ እንዲሁም አዴኒን፣ ሂስቲዲን፣ ሉሲን፣ ላይሲንና ዩራሲል እያንዳንዳቸው 225 ሚሊ ግራም ይገባሉ፤ ለፔትሪ ሳህን ከሆነ ፈሳሹን የሚያረጋው አጋር 20 ግራም ይጨመራል።

በአውቶክሌቭ (ግፊት ባለው እንፋሎት ተሕዋስያንን በሚገድለው ዕቃ) ሲያመክኑ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝና የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ፣ የግፊት ሰዓቱ የተለመደውን 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሐድ) ሲያሳይ በውስጡ ያለው እንፋሎት የሚደርሰው ወደ 117 ዲግሪ ብቻ ነው። ስለዚህ ግፊቱን ሳይሆን ቴርሞሜትሩን ተመልክተው፣ 121 ዲግሪ ከደረሰ በኋላ ሰዓት መያዝ ይጀምሩ። ማሳደጊያው በሁለተኛው ቀን ሲደፈርስ ብዙ ሰው የእጅ ንጽሕናን ይጠረጥራል፤ አስቀድሞ መመርመር ያለበት ግን ይህ የማምከኛው ሙቀት ነው።

መደበኛውን ዝርያ በ32 ዲግሪ እየነቀነቁ ያሳድጉ። ዘረመላቸው የተለወጠውንና ሙቀት የሚነካቸውን ዊ1-50 እና ሲዲሲ25-22 የተባሉትን ዝርያዎች ግን በ25 ዲግሪ አሳድገው ወደ 36 ያሸጋግሯቸው፤ የመጀመሪያው አጥሮ ይከፈላል፣ ሁለተኛው ሳይከፈል እየረዘመ ይሄዳል። የሙቀት መለዋወጥ በራሱ የመከፈያውን መጠን ለጊዜው ስለሚያዛባ፣ መብራት ጠፍቶ ኢንኩቤተሩ የቀዘቀዘበትን ናሙና ለመለካት አይጠቀሙበት፤ ከመለካት እንደገና መዝራት ይሻላል።

ናሙናው የሚወሰደው በአንድ ሚሊ ሊትር ከ2 እስከ 10 ሚሊዮን ኅዋሶች ሲኖሩ ነው። ከዚህ አልፎ ምግቡ ካለቀ ጤነኛው ዝርያም ስለሚያጥር ዊ1 የተበላሸበት ሊመስል ይችላል፤ ለጀማሪ ከሁሉ የሚከፋው አሳሳች ውጤት ይኸው ነው። በዓይን ሌንሱ ውስጥ ያለውን ባለመስመር መለኪያ ለሚጠቀሙበት ለእያንዳንዱ ሌንስ ለየብቻ ካስተካከሉ በኋላ፣ መሐላቸው ላይ ግድግዳ የሠሩትን ኅዋሶች ብቻ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይለኩ፤ ግድግዳ የሌላቸውን መቀላቀል አማካዩን ትርጉም ያሳጣዋል። ቢያንስ 50 ያህል መለካት ተገቢ ነው። በዚያው ስላይድ ላይ ግድግዳ የሠሩት ከጠቅላላው ምን ያህል እንደሆኑም ይቁጠሩ፤ በደንብ በሚያድግ መደበኛ ዝርያ ከመቶ ከ10 እስከ 15 ያህል ይሆናሉ።

ለማነጻጸር ጥቂት የጠላ አተላ በሌላ ስላይድ ላይ ማየት ይጠቅማል። እንደዚያ ያሉ ክብ፣ እምቡጥ ያወጡ ኅዋሶች በፖምቤው መሐል ከታዩ ናሙናው ተበክሏልና አምክነው ያስወግዱት፤ ከዚያም በግሊሰሮል ከተቀመጠው መነሻ ዝርያ አዲስ ይዝሩ።