መሪ ተቀየረ ማለት ምርጫ ደረሰ ማለት አይደለም

የአንድ አገር ገዢ ፓርቲ መሪውን በቀየረ ቁጥር ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ባሉ የዜና ክፍሎች ያው ጥያቄ ይነሳል፦ «ታዲያ ምርጫው መቼ ነው?» ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን በየጊዜው በተመሳሳይ ስህተቶች ይበላሻል። የውጭ አገር ዜና ለሚያዘጋጁ፣ በተለይ ለጀማሪዎች፣ ዋና ዋናዎቹ እነሆ። (የውጭዎቹ ቀኖች እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ከሁሉ የከፋው «አዲሱን ጠቅላይ ሚኒስትር ሕዝብ ስላልመረጠው ምርጫ የመጥራት ግዴታ አለበት» ብሎ መጻፍ ነው። የለበትም! የቀድሞውንም ቢሆን ሕዝብ በቀጥታ አልመረጠውም። መራጩ ድምፁን የሰጠው ለምክር ቤት አባል ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሰይመው የምክር ቤቱ አብላጫ ነው፤ የሥራ ዘመን የሚቆጠረውም ለምክር ቤቱ ነው። ይህን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አቶ መለስ ዜናዊ ነሐሴ 14 ቀን 2004 ዓ.ም. ሲያርፉ አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ መስከረም 11 ቀን 2005 ቃለ መሐላ ፈጸሙ፤ ምርጫው ግን መደበኛ ጊዜውን ጠብቆ ግንቦት 16 ቀን 2007 ተካሄደ። መጋቢት 24 ቀን 2010 ዶክተር ዐቢይ አሕመድ ሲሾሙም ያው ምክር ቤት ቀጠለ። በብሪታንያ ጎርደን ብራውን ጁን 2007 ሥልጣን ይዘው እስከ ሜይ 2010 ያለ ምርጫ መርተዋል። በ2022 ሊዝ ትረስና ሪሺ ሱናክ ተከታትለው ሲመጡም ምርጫው እስከ ጁላይ 4 ቀን 2024 አልተደረገም። ይህ ሁሉ እየታወቀ «ሕገ ወጥ መሪ» የሚል ርዕስ ማውጣት አንባቢን ማሳሳት ነው። «ሕዝብ ፊት ቢቀርብ ይሻላል» የሚል ክርክር ካለ የተከራካሪው ስም ይጠቀስ፤ ክርክሩ የፖለቲካ እንጂ የሕግ አይደለም።

በተቃራኒው ደግሞ «የመሪ ለውጥ ምርጫን አይነካም» ማለትም ስህተት ነው። አዲስ መሪ ተቀባይነቱ ሳይቀዘቅዝ መራጭ ፊት መቅረብ ሊፈልግ ይችላል። የካናዳውን እንመልከት። ጠቅላይ ሚኒስትር ጀስቲን ትሩዶ ጃንዋሪ 6 ቀን 2025 እንደሚለቁ አስታወቁ፤ ማርክ ካርኒ ማርች 9 የፓርቲ መሪ፣ ማርች 14 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ ማርች 23 ምርጫ ጠሩ፤ ኤፕሪል 28 ድምፅ ተሰጠ። በሕግ የተቀመጠው ቀን ኦክቶበር 20 ነበር። ካርኒ ሲሾሙ የምክር ቤት አባል እንኳ አልነበሩም፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ከምክር ቤቱ አባላት መካከል መመረጥ ባለበት በእኛ አገር ይህ አይሆንም። መቸኮል ሁልጊዜ አያዋጣም፤ የጃፓኑ ሺገሩ ኢሺባ ኦክቶበር 1 ቀን 2024 ተሹመው በዚያው ወር 27 ምርጫ ቢያደርጉ ጥምረታቸው አብላጫውን አጣ።

እንግዲህ ትንበያ ከመጻፍ በፊት መጣራት ያለበት ምክር ቤቱን የመበተን ሥልጣን የማን እንደሆነ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ዘጋቢ አንዱን አገር በሌላው ልክ ይሰፋል። ኖርዌይ ውስጥ ምክር ቤቱ ከአራት ዓመቱ በፊት አይበተንም፤ በኦክቶበር 1996 ጠቅላይ ሚኒስትሯ ግሮ ሃርለም ብሩንትላንድ ሲለቁ ምርጫው በ1997 ቀኑ ላይ ጸና። ብሪታንያ ደግሞ ከ2011 እስከ 2022 በቆየው ሕግ ምርጫን ከጊዜው በፊት ለመጥራት ከ650 አባላት የ434ቱን፣ ማለትም የሁለት ሦስተኛውን፣ ድምፅ ትጠይቅ ነበር። ቴሬዛ ሜይ በ2017 በ522 ድምፅ ተሳካላቸው፤ ቦሪስ ጆንሰን በ2019 ሦስት ጊዜ ሞክረው ስላልሆነላቸው ልዩ ሕግ አወጡ። የ434 ድምፅ የሚጠይቀው ሕግ በ2022 ተሽሯል፤ አሁንም «ሁለት ሦስተኛ ያስፈልጋል» እያሉ የሚጽፉ ግን አሉ። የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 60 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክር ቤቱን ማስበተን የሚችለው በራሱ በምክር ቤቱ ፈቃድ መሆኑን፣ ከተበተነም ምርጫው በ6 ወር ውስጥ እንደሚካሄድ ይደነግጋል። እስከዚያ የሚቆየው መንግሥት የዕለት ተዕለት ሥራ ከመምራትና ምርጫ ከማዘጋጀት አልፎ አዲስ ሕግ አያወጣም፤ ያለውንም አያሻሽልም፣ አይሽርም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከዜናው ሲቀር አንባቢ መንግሥቱ ሙሉ ሥልጣን ያለው ይመስለዋል።

ስብሰባ ማቋረጥና መበተን አንድ አይደሉም። ትሩዶ ጃንዋሪ 2025 ያደረጉት የምክር ቤቱን ጉባኤ እስከ ማርች 24 ማቋረጥ ነበር። አባላቱ ወንበራቸውን አላጡም። «ፓርላማው ፈረሰ» ብሎ መተርጎም ፍጹም ሌላ ዜና ነው።

የፓርቲ ሊቀመንበርነትና ጠቅላይ ሚኒስትርነትም ይለያያሉ፦ የጀርመኗ አንጌላ ሜርክል በዲሴምበር 2018 የፓርቲያቸውን ሊቀመንበርነት ለቀው እስከ ዲሴምበር 2021 መራሂተ መንግሥት (በጀርመን የጠቅላይ ሚኒስትር አቻ) ሆነው ቆይተዋል።

ጥምር መንግሥት ሲሆን የፓርቲውን ውስጥ ምርጫ ብቻ መከታተል አይበቃም። እስራኤል ውስጥ ጺፒ ሊቭኒ በሴፕቴምበር 2008 የገዢው ፓርቲያቸውን መሪነት አሸነፉ፤ የጥምረቱን አጋር ፓርቲዎች ማስማማት ግን አልቻሉም፤ በዚህም ምርጫው ወደ ፌብሩዋሪ 2009 መጣ።

የእኛው የ2012 ምርጫ ወደ ሰኔ 14 ቀን 2013 የተዛወረው በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ነው። ከመሪ ለውጥ ጋር አታያይዙት።

በመጨረሻም የዘመን ስሌት። የእ.ኤ.አ. ዓመትን ወደ እኛው ለመለወጥ 8 መቀነስ የሚሠራው ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ላለው ጊዜ ነው፤ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ላለው የሚቀነሰው 7 ነው።  ዲሴምበር 12 ቀን 2019 የተደረገው የብሪታንያ ምርጫ ታኅሣሥ 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ በችኮላ 8 የቀነሰ ሰው 2011 ብሎ ምርጫውን በአንድ ዓመት ወደ ኋላ ይጎትተዋል።