«ሜሞሪ አነሰ» ሲላችሁ ፎቶዎቻችሁን አታጥፉ

እህቴ ስትደውልልኝ የአራት ዓመት ፎቶ አጥፍታ ጨርሳ ነበር። የቤቷ ኮምፒውተር የሜሞሪ እጥረት እንዳለበት የሚገልጽ መልእክት ደጋግሞ ሲያሳያት፣ ቦታ ላስለቅቅለት ብላ የልጇን ፎቶዎችና ቪዲዮዎች ሰረዘች፤ ከዚያም የቆሻሻ ቅርጫቱን ባዶ አደረገችው። «ይኸው ሁሉንም አጥፍቼለታለሁ፤ አሁንም ግን አንድ ፋይል እስኪከፍት ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ» አለችኝ። ዲስኳ ላይ ከ200 ጊጋባይት በላይ ባዶ ቦታ ነበር። ያጠፋችው ነገር ኮምፒውተሩን ካንቀራፈፈው ችግር ጋር በምንም አይገናኝም። የዘመድ የወዳጅ ኮምፒውተር መጠገን ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ እንዲህ ያለው ጥፋት ግን ዛሬም ያንገበግበኛል፤ መፍትሔው አንድ ፎቶ ሳይነካ የሚገኝ ነውና።

ያሳሳታት ቃሉ ነው። የስልካችን ማከማቻ ሲሞላ «ሜሞሪው ሞላ» እንላለን፤ ካሜራ ውስጥ የምትገባውን ትንሽ ካርድም ሜሞሪ እንላታለን። ኮምፒውተሩ ግን ሜሞሪ ሲል ራሙን ማለቱ ነው። ፎቶው፣ ፊልሙና ሰነዱ የሚቀመጡት በሌላ ዕቃ ላይ ነው፤ በሃርድ ዲስኩ ወይም የሚሽከረከር ክፍል በሌለው ፈጣን ማከማቻ፣ በኤስኤስዲው። እህቴ አስተማሪ ስለሆነች ከክፍሏ ምሳሌ ወስጄ አስረዳኋት። ራም ጥቁር ሰሌዳ ነው፤ አሁን የሚሠራው ነገር ብቻ ይጻፍበታል፣ ኮምፒውተሩ ሲጠፋም ሁሉም ይጠፋል። ዲስክ ደግሞ ደብተር ነው፤ የተጻፈበት ይቆያል። ሰሌዳው ሲሞላ ኮምፒውተሩ አንዱን ጥግ ወደ ደብተር ይገለብጥና ያጠፋዋል፤ በቦታውም አዲሱን ይጽፋል። የጠፋው እንደገና ሲፈለግ ሌላ ጥግ አጥፍቶ ከደብተሩ መልሶ ይጽፈዋል። ዊንዶውስ ለዚህ ሥራ ዲስኩ ላይ የሚይዘው ፋይል ፔጅ ፋይል ይባላል። ከደብተሩ ገጽ መቅደድ ሰሌዳውን አያሰፋውም።

መጓተቱን የሚያመጣው ይህ ምልልስ ነው። ራም የተጠየቀውን ለማቅረብ 100 ናኖ ሰከንድ ገደማ ሲበቃው፣ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ግን ወደ 10 ሚሊ ሰከንድ ይወስድበታል። ልዩነቱ መቶ ሺህ እጥፍ ነው። ከራም ማምጣት አንድ ሰከንድ ይፈጃል ብትሉ፣ ከሃርድ ዲስክ ማምጣት ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል ማለት ነው። ዲስኩ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ፔጅ ፋይሉ ማደጊያ ስለሚያጣ፣ ያኔ ብቻ ቦታ ማስለቀቅ ይረዳል። ያን ጊዜም ቢሆን መጀመሪያ የሚጠፉት የወረዱ የፕሮግራም መጫኛዎችና ጊዜያዊ ፋይሎች ናቸው።

ስለዚህ ምንም ከመንካታችሁ በፊት ለኩ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ የሚለውን፣ ከዚያም ሜሞሪ የሚለውን ምረጡ። ይህን ማድረግ ያለባችሁ ኮምፒውተሩ እየተንቀራፈፈ ባለበት ሰዓት ነው፤ ገና እንደተነሳ የሚታየው ቁጥር አይጠቅማችሁም። እህቴ ጎን ተቀምጬ የተማሪዎቿን ውጤት የምትመዘግብበትን ሰንጠረዥ፣ የፈተና ወረቀቷንና ሁልጊዜ የምትከፍታቸውን ድረ ገጾች እንደ ልማዷ እንድትከፍት አደረግሁ። ካላት 3.9 ጊጋባይት ውስጥ 3.6ቱ ተይዟል። ፕሮሰሰሩ 12 በመቶ ላይ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል፤ ዲስኩ ግን ስለሞላ ሳይሆን በሥራ ስለተጠመደ 100 በመቶ ላይ ተሰቅሎ አልወርድም ብሏል። የራም እጥረት መልኩ ይህ ነው፤ ራሙ ሞልቶ፣ ዲስኩ ተጨናንቆ፣ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ። ፕሮሰሰሩ 100 በመቶ ሆኖ ራሙ ሰፊ ከሆነ ግን ችግራችሁ ሌላ ነውና ራም ለመግዛት አትቸኩሉ።

እዚያው ገጽ ላይ ካችድ የሚለው ቁጥር ቢበዛ ደግሞ አያስደንግጣችሁ። ዊንዶውስ ባዶ የሆነውን ራም በቅርብ የተከፈቱ ፋይሎችን ለማቆየት ይጠቀምበታል፤ ሲፈለግም ወዲያው ይለቀዋል። ማክ ያላችሁ አክቲቪቲ ሞኒተርን ከፍታችሁ የሜሞሪ ጫናውን ቀለም ተመልከቱ፤ አረንጓዴ ከሆነ ደህና ነው፣ ቀይ ከሆነ ራሙ አልበቃም።

ቀጥሎ ራሙን የያዘው የትኛው ፕሮግራም እንደሆነ ማወቅ ነው። እዚያው ታስክ ማናጀር ውስጥ ፕሮሰስስ ወደሚለው ሂዱና ሜሞሪ የሚለውን ርእስ ጠቅ አድርጉ፤ ብዙ የያዘው ከላይ ይሰለፋል። በቤት ኮምፒውተር ላይ አብዛኛውን ጊዜ አንደኛ የሚወጣው የኢንተርኔት ማሰሻው ነው። እህቴ 31 ገጾች ከፍታ ነበር፤ የምትሠራው ግን በሦስቱ ብቻ ነው። ሌሎቹን «እንዳይጠፉብኝ» ብላ ነው የተወቻቸው። ክሮም የምትጠቀሙ ከሆነ ሺፍትና ኢስኬፕን ስትጫኑ የራሱ የክሮም ታስክ ማናጀር ይመጣል፤ የትኛው ገጽ ስንት ሜጋባይት እንደያዘ በስሙ ይነግራችኋል። የእርሷን ስናይ አንድ ቪዲዮ የሚያጫውት ገጽ ብቻውን 640 ሜጋባይት ይዟል። እንዳይጠፉባት የፈራቻቸውን ገጾች ቡክማርክ አደረግንላትና ዘጋናቸው። በክሮም ቅንብር ውስጥ ሜሞሪ ሴቨር የሚባል አለ፤ ለጊዜው የማትመለከቷቸውን ገጾች ከራም አውርዶ፣ ስትመለሱባቸው ብቻ ይጭናቸዋል። ኤጅ ላይም ያልተነኩ ገጾችን የሚያስተኛ ተመሳሳይ አገልግሎት አለ። ሁለቱንም ያለማመንታት አብሩ። የማትጠቀሙባቸውን ኤክስቴንሽኖች፣ ማሰሻው ላይ የተጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞችንም፣ አውጡ፤ ማሰሻው ክፍት እስከሆነ ድረስ ብዙዎቹ ራም ይዘው ይቆያሉ።

ከኮምፒውተሩ ጋር አብረው የሚነሱትን ፕሮግራሞች ደግሞ በታስክ ማናጀሩ የስታርት አፕ ክፍል ታገኟቸዋላችሁ። የመወያያ፣ የጨዋታና የሙዚቃ ፕሮግራሞችን ያለ ስጋት አስቁሙ፤ ስትፈልጓቸው ራሳችሁ ትከፍቷቸዋላችሁ። ጸረ ቫይረሱን ግን አትንኩ። ሁለት ጸረ ቫይረስ ካለ አንዱን አራግፉ፤ ሁለቱ አንድን ፋይል እየተሻሙ ሲመረምሩ ኮምፒውተሩን ያደክሙታል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ሻት ዳውን ስትሉ፣ ፋስት ስታርት አፕ የሚባለው አሠራር በርቶ ከሆነ፣ የስርዓቱ ልብ የሆነው ክፍል እንዳለ ዲስክ ላይ ተቀምጦ በነጋታው ይመለሳል። እንደ አዲስ የሚጀምረው ሪስታርት ስትሉት ነው። በታስክ ማናጀሩ የሲፒዩ (የፕሮሰሰሩ) ገጽ ላይ ኮምፒውተሩ ከተነሳ ስንት ጊዜ እንደሆነው ተጽፏል፤ የእህቴ 23 ቀን ይላል፤ እርሷ ግን በየማታው እንደምታጠፋው እርግጠኛ ነበረች። በሳምንት አንድ ጊዜ ሪስታርት አድርጉት።

ሪስታርት ካደረጋችሁ በኋላ ለጥቂት ሰዓት ፈጥኖ እንደገና የሚንቀራፈፍ ከሆነ፣ የወሰደውን ራም የማይመልስ ፕሮግራም ፈልጉ። እኔ በወረቀት እየጻፍኩ ነው የምይዘው። በእህቴ ኮምፒውተር ከፕሪንተሩ ጋር አብሮ የተጫነ አንድ አጋዥ ፕሮግራም ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ 180 ሜጋባይት ነበር፤ ስድስት ሰዓት ላይ 410 ደረሰ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ 900 አለፈ። በመካከሉ አንድም ወረቀት አልታተመም። ፕሮግራሙን አራገፍነው፤ ፕሪንተሩ ያለ እርሱም ያትማል።

ከሁለት ነገር ተጠበቁ። «ራም አጽጂ» የሚባሉትን ፕሮግራሞች አትጫኑ። ቁጥሩን ዝቅ የሚያደርጉት በሥራ ላይ ያለውን ነገር ከራም ወደ ዲስክ እየገፉ ነው፤ ወዲያው ሲፈለግ ከዲስክ ተመልሶ ይመጣል፤ የሸሻችሁትን ምልልስ ራሳችሁ ጠራችሁት ማለት ነው። ፔጅ ፋይሉንም አታጥፉ፤ ራሙ ሲያልቅ መሸሻ ያጡ ፕሮግራሞች ያልተቀመጠ ሥራችሁን ይዘው ይዘጋሉ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ በተለመደው ሥራችሁ ላይ ዲስኩ አሁንም የሚጨናነቅ ከሆነ፣ ራም መጨመር ነው። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ይጠይቃል፤ ያ ግን ለመነሳት እንጂ ተረጋግቶ ለመሥራት አይበቃም። ለቤት ሥራ 8 ጊጋባይት ቢኖር ጥሩ ነው፤ 16 ከሆነ ደግሞ ለረጅም ጊዜ አታስቡም። ከመግዛታችሁ በፊት እነዚህን አጣሩ። ዊንዶውሳችሁ ባለ 32 ቢት ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ አይጠቀምምና ተጨማሪው ገንዘብ ማባከን ነው። በታስክ ማናጀሩ የሜሞሪ ገጽ ላይ ስንት የራም ማስገቢያ እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ ይታያል። ራማቸው ቦርዱ ላይ የተበየደ ላፕቶፖች አሉና፣ ነጻ ማስገቢያ መኖሩን ሳታዩ አትግዙ። ዲዲአር3፣ ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 የሚባሉት የራም ዓይነቶች አይተካኩም፤ ጠርዛቸው ላይ ያለው ቁርጥ ቦታው ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ማስገቢያ አይገባም፤ በኃይል ብትጫኑት ትሰብሩታላችሁ። የላፕቶፕ ራም ከዴስክቶፑ ያጠረ ነው። የሚሻለው የነበረውን ነቅሎ ይዞ ሄዶ ጽሑፉን ማመሳከር ነው።

ሲገጠም ኮምፒውተሩን በደንብ አጥፉ፣ ገመዱን ንቀሉ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጡት፤ በእጃችሁ ያለው የኤሌክትሪክ ሙላት እንዲወጣ ያልተቀባ ብረት ንኩ። ራሙን በጠርዙ ብቻ ያዙት። በላፕቶፕ አጋድማችሁ እስከ መጨረሻው አስገቡትና ወደ ታች ተጫኑት፤ የጎንና የጎኑ መያዣዎች ቀጭ ብለው ይይዙታል። ካልተነሳላችሁ ወይም እየጮኸ ካስቸገረ አብዛኛውን ጊዜ በደንብ ያልገባ ነው፤ ነቅላችሁ መልሱት። ተነስቶ ከሆነ ሜሞሪው ገጽ ላይ አዲሱ መጠን መታየቱን አረጋግጡ። የእህቴ 7.9 አለ፤ ያንኑ ሥራዋን ከፍታ 4.7ቱ ብቻ ተያዘ፣ ዲስኩም ወደ 3 በመቶ ወረደ።

ፎቶ አጥፍታችሁ ከሆነ ግን ይህንን ሁሉ ከመሥራታችሁ በፊት ኮምፒውተሩን መጠቀም አቁሙ። እኔም የጀመርኩት ከዚህ ነበር። ሃርድ ዲስክ ላይ የተሰረዘ ፋይል ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ በቦታው አለ፤ በኤስኤስዲ ላይ ግን የማግኘት ዕድሉ በጣም ጠባብ ነው። ዲስኩን ነቅዬ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኘሁና ፎቶሬክ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ፈለግሁ፤ የሚገኘውንም ወደ ሌላ ዲስክ አስቀመጥኩ። ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ አብዛኞቹን ፎቶዎች መለሰልን። ልጇ መጀመሪያ ስትራመድ የተቀረጸው ቪዲዮ ግን ተገኝቶም አልተከፈተም።