ለሕንፃ የጥላ ስሌት የግድግዳ ሰዓትን ወደ ፀሐይ ሰዓት እንዴት እንቀይራለን?

አዲስ አበባ ላይ ሰዓታችን ከቀኑ 6 ሰዓት ሲል ፀሐይ ገና አናታችን ላይ አልደረሰችም። ዓመቱን ሙሉ ትዘገያለች። የመስኮት ጥላ ወይም ሶላር ፓነል የምታሰሉ ከሆነ ይህቺ ልዩነት ዋጋ አላት።

መጀመሪያ የምትጠቀሙበት የአየር ሁኔታ ዳታ በየትኛው ሰዓት እንደተመዘገበ እወቁ። የሕንፃ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ኢፒደብሊው (EPW) ፋይል፣ ማለትም የአንድ ቦታን የዓመት አየር ሁኔታ በየሰዓቱ የያዘው ፋይል፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ የቦታውን ኬንትሮስና የሰዓት ቀጠና ይነግራችኋል። ለኢትዮጵያ ቀጠናው 3 ነው፤ ከግሪንዊች ሰዓት በ3 ሰዓት ይቀድማል ማለት ነው። ሰዓቱ የሚቆጠረው ከእኩለ ሌሊት ስለሆነ «10» ያለው የኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። ደግሞም የፀሐይ ጨረሩ ቁጥር ያለፈው አንድ ሰዓት ድምር ነው። ስለዚህ የፀሐይዋን ቦታ በሰዓቱ መሃል፣ በ9፡30 (በኛ ከጠዋቱ 3፡30) አስሉት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ቀጥሎ የቦታውን ልዩነት አውጡ። የኢትዮጵያ ሰዓት የተለካው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ነው፤ ይህ መስመር የሚያልፈው ኦጋዴን ውስጥ፣ ዋርዴር አካባቢ ነው። አዲስ አበባ 38.75 ላይ ናት። ልዩነቱ 6.25 ዲግሪ፣ በ4 ደቂቃ ሲባዛ 25 ደቂቃ። ጋምቤላ ላይ 42 ደቂቃ ገደማ ይደርሳል።

ከዚያ የወቅቱን ማስተካከያ ጨምሩ። የምድር ምሕዋር ክብ ስላልሆነና ዘንጓም ስላዘነበለ ፀሐይ ከአማካይ ጊዜዋ በጥቅምት መጨረሻ 16 ደቂቃ ትቀድማለች፣ በየካቲት መጀመሪያ 14 ደቂቃ ትዘገያለች። አዲስ አበባ ላይ እኩለ ቀን በጥቅምት 6፡09፣ በየካቲት 6፡39 ላይ ነው ማለት ነው።

እስቲ መጋቢት 12 ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ እንሞክረው። 25 ደቂቃ ቀንሱ፤ በዚህ ቀን ፀሐይ 7 ደቂቃ ገደማ ስለምትዘገይ ያንንም ቀንሱ። የፀሐይ ሰዓት 9፡28 ሆነ። በቁም የተተከለ የ1 ሜትር እንጨት ጥላው 1.30 ሜትር ይሆናል። ማስተካከያውን ብትዘሉት ስሌታችሁ 1.76 ሜትር ይላችኋል። የምዕራብ መስኮት ላይ ይህ ብዙ ነው።

ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ላላችሁ፣ እዚያ በሞቃቱ ወቅት ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋል፤ ፋይሉ ግን ይህን ለውጥ አያውቅም፤ በዚያ ወቅት ከግድግዳው ሰዓት አንድ ሰዓት ቀንሱ።

በመጨረሻ ደመና የሌለበት ቀን መርጣችሁ የጨረሩን መስመር ሳሉት። የአዲስ አበባ ዳታ ጫፉ ከእኩለ ሌሊት ሲቆጠር 12 ተኩል አካባቢ መሆን አለበት። 9 ተኩል ላይ ካረፈ ፋይሉ የተሞላው በግሪንዊች ሰዓት ነውና 3 ሰዓት ጨምሩበት።