ማስክ በክፍል ውስጥ፦ በድሬ ወበቅ እንዴት ይቻላል?

«አቦ፣ ኮቪድ እኮ አለቀ!» ድሬ ላይ ማስክ ብላችሁ ስታነሱ መልሱ ይሄ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ያነሳው ግን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን ነው። ቫይረሱ የትም አልሄደም። ልጆች ደግሞ ቀለል ብሎባቸው ያልፍና ቤት ይዘውት ይገባሉ፤ ቤት ውስጥ ስኳር ያለባት አያት አለች፣ አስም ያለበት አጎት አለ።

ዓመቱን ሙሉ አፋችሁን ሸፍኑ አልልም። ክፍል ውስጥ የሚያስለው ልጅ ሲበዛ፣ አንድ ሁለት ሰው ኮቪድ ተገኘበት ሲባል፣ ያኔ ማሳሉ እስኪበርድ ሁሉም ያጥልቅ ነው የምለው። ሕመሙ ሳይታይበት አንድ ሁለት ቀን ቀድሞ የሚያስተላልፍ ሰው ስላለ፣ የታመመው ብቻ ያድርግ ማለት አይበቃም።

መጀመሪያ እንዴት እንደሚተላለፍ እንያዝ። በ2012 ትምህርት ቤት ሲዘጋም፣ በ2013 በፈረቃ ሲከፈትም፣ አብዛኛው ሩጫ በር ላይ ባልዲና ሳሙና ማስቀመጥ ነበር። እጅ መታጠብ ይቀጥል፣ ለብዙ ነገር ይጠቅማል። ኮቪድ ግን በዋናነት የሚሄደው በአየር ነው። ሰው ሲያወራ፣ ይልቁንም ድምፁን ከፍ ሲያደርግ፣ በዓይን የማይታይ ብናኝ ከአፉ ይወጣል፤ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ደግሞ ያ ብናኝ ቶሎ አይወርድም፣ ይንሳፈፋል። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ልጅ ተቀምጦ፣ ፀሐይና አቧራ እንዳይገባ መስኮቱ ተዘግቶ፣ ክፍሉ በሙሉ ባንድ ድምፅ መምህሯን ተከትሎ ፊደል ሲቆጥር አስቡት።

ለዚህ ነው ከመምህሩ ጀምሩ የምለው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ማሪን ካውንቲ በግንቦት 2013 የሆነውን ስሙ። አንዲት ያልተከተበች መምህርት አፍንጫዋ ተዘጋ፣ ድካም ተሰማት፤ አለርጂ መስሏት ሁለት ቀን አስተማረች። ክፍል ውስጥ ማስክ ግዴታ ነበር፣ እሷ ግን ለልጆቹ ጮክ ብላ ስታነብ ታወልቀው ነበር። ከ24 ተማሪዎቿ 12ቱ ተያዙ። ከፊት ባሉት ሁለት ረድፎች ከተቀመጡት 10 ልጆች ደግሞ 8ቱ። በርና መስኮቱ ክፍት ነበር፣ ልጆቹም ማስክ አድርገው ነበር። ብዙ የሚናገረውና ጮክ የሚለው ሰው አፍ ካልተሸፈነ የሌላው መሸፈን ብቻውን አይበቃም። መምህራን፣ ድምፃችሁ ካልተሰማ ማስኩን ከማውረድ ሰሌዳው ላይ ጻፉት፣ ወይ በዴስኮቹ መሃል እየተዘዋወራችሁ አስረዱ። የመስማት ችግር ያለበት ልጅ ካለ ፊት አስቀምጡት፣ የምትሉትን በጽሑፍም ስጡት።

የትኛውን ማስክ? ኤን95 የሚባለውን፣ ብናኝ አጥብቆ የሚያጣራውን ማስክ ካገኛችሁ ለመምህሩ እሱ ይሻላል። ለልጆች የሕክምናው ማስክ ይበቃል፤ ስስ የጨርቅ ማስክ ግን ብዙ አያግድም። ከዓይነቱ እኩል ፊት ላይ መግጠሙን እዩ። የአዋቂ ማስክ ልጅ ፊት ላይ ጎኑ ይከፈታል፣ አየሩም በዚያው ይወጣል ይገባል። መላው ቀላል ነው፦ የጆሮውን ላስቲክ ማስኩ ጥግ ላይ ቋጠር አድርጉት፣ በጎን የሚተርፈውን እጥፋት ወደ ውስጥ ክተቱ፣ የአፍንጫውን ሽቦ በሁለት ጣት ተጫኑ። ከዚያ ልጁ «ኡፍ» ይበል፤ እጃችሁን ጉንጩ አጠገብ አድርጋችሁ ትንፋሹ ከተሰማችሁ አልገጠመም።

አሁን ወደ ሙቀቱ። ጠዋት 5 ሰዓት ላይ ማስኩ በላብ ይርሳል፣ የራሰ ማስክ ደግሞ መተንፈስ ያስቸግራል፣ ልጁም አገጩ ላይ ያወርደዋል። በልጁ አትፍረዱ። ሁለት ስጡት፤ አንዱ እስከ እረፍት፣ ሌላው ከእረፍት በኋላ። የወለቀውን በወረቀት ፖስታ ይያዘው፤ ፌስታል ውስጥ ከገባ እርጥበቱ አይወጣም። እረፍት ሰዓት ሜዳ ላይ ያውልቁ፣ ይሩጡ፣ ኒም ዛፍ ጥላ ሥር ምሳቃቸውን ይብሉ። ውጭ አየሩ ብናኙን ይበትነዋል። ባጃጅ ውስጥ ግን ተጠጋግተው ስለሚቀመጡ እስኪደርሱ ያድርጉት።

መስኮት ክፈቱ፣ የሚቻል ከሆነ በሁለቱም ወገን፣ አየሩ ገብቶ እንዲወጣ። ኮርኒስ ላይ ያለው ማራገቢያ ያቀዘቅዛል እንጂ አየር አይለውጥም፤ ያንኑ አየር ነው የሚያዞረው። የሚቆም ማራገቢያ ካላችሁ መስኮቱ ጋ ወደ ውጭ አዙሩት።

«ይሄ ሁሉ ምን ለውጥ ያመጣል?» ለሚል፦ አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ የትምህርት ቤት ማስክ ግዴታ በየካቲት 2014 ሲነሳ ቦስተንና ቼልሲ የተባሉት ከተሞች ለተወሰነ ጊዜ አቆዩት። በ15 ሳምንት ውስጥ፣ ግዴታውን ባነሱት አካባቢዎች ከ1000 ተማሪና ሠራተኛ ወደ 45 የሚጠጋ ተጨማሪ ሰው ተይዟል። ለአንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ይሄ ብዙ ነው፤ ብዙ የቀረ ክፍለ ጊዜ፣ ብዙ ያለ መምህር የዋለ ክፍል ነው።

የማይገደዱም አሉ። 5 ዓመትና ከዚያ በታች ያሉ የኬጂ ልጆችን አታስገድዱ፤ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍም የሚሉት ይሄንኑ ነው። መተንፈስ የሚቸግረው ወይም ራሱ ማውለቅ የማይችል ልጅም አይደረግበት። አስም ካለ ሐኪሙን ጠይቁ።

አንድ የኛ ከተማ ነገር ልጨምር። እዚህ ልጅ ሲያተኩሰው መጀመሪያ የምንጠረጥረው ትንኝ ነው፣ በ2011 ክረምት ቺኩንጉኒያ ስንቱን ቤት እንዳስተኛ ማን ይረሳል። ወባና ደንጊም አሉ፣ መመርመሩ ትክክል ነው። ግን ትኩሳቱ ሳልና የጉሮሮ ሕመም ካለበት ውጤት እስኪመጣ ልጁ ቤት ይዋል፤ ጤና ጣቢያ ስትወስዱትም ለእሱም ለራሳችሁም ማስክ አድርጉ፣ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ውስጥ የታመሙና የደከሙ አሉበት።