ቡናማ ስላየን ሶማቶስታቲን አገኘን ማለት አይደለም

ሐረር ላይ የማስተምራቸው የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በጦጣ አንጎል ኮርቴክስ (የላይኛው ሽፋን) ውስጥ ሶማቶስታቲን የተባለውን ፔፕታይድ (አጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት) የያዙ ሴሎችን ካርታ ይሠራሉ። ፔፕታይዱን የሚፈልጉት በአንቲቦዲ፣ ማለትም ዒላማውን ለይቶ በሚይዝ ፕሮቲን ነው፤ አንቲቦዲው የተጣበቀበት ሴል ፐሮክሲዴዝ በሚባል ኢንዛይም አማካኝነት ቡናማ ይሆናል። ማይክሮስኮፕ ውስጥ ቡናማ ሴል ሲያዩ ፊታቸው ይበራል። «አገኘነው!» ይላሉ። ደስታቸው ደስ ይለኛል። ግን ምኑን ነው ያገኛችሁት?

ችግሩ ያለው አንቲቦዲው ላይ ነው። አንቲቦዲ የሚይዘው የፔፕታይዱን ትንሽ ቁራጭ ነው። ያ ቁራጭ ሌላ ቦታም ካለ እዚያም ይጣበቃል። ሶማቶስታቲን እ.ኤ.አ. በ1973 ሲታወቅ 14 አሚኖ አሲድ ያለው ፔፕታይድ ነበር። በ1996 ኮርቲስታቲን የሚባል ዘመድ ተገኘለት፤ እሱም ኮርቴክስ ውስጥ አለ። በአይጥ ሲታይ ከ14ቱ አሚኖ አሲዶች 11ዱ አንድ ናቸው። ታዲያ በጦጣው ኮርቴክስ ውስጥ ያያችሁት ሴል የማንኛው ነው?

«አንቲቦዲውን አስቀድመን ከሶማቶስታቲን ጋር ቀላቀልነው፣ ቀለሙ ጠፋ» ትሉኛላችሁ። ይጠፋላ! አንቲቦዲው በሶማቶስታቲን ከተያዘ ኮርቲስታቲንንም መያዝ አይችልም። ይህ ፈተና ሁለቱን አይለይላችሁም። የሚለየው ከሶማቶስታቲን መነሻ ፕሮቲን ሌላውን ክፍል የሚይዝ አንቲቦዲ ነው፤ ወይም ሴሉ ፕሮቲኑን የሚሠራበትን መልእክት፣ ኤምአርኤንኤውን ራሱን መፈለግ። ሁለቱ መንገዶች አንድ ሴል ላይ ሲገናኙ ያኔ ካርታችሁ ላይ ነጥብ አድርጉ።

ባለፈው አንዱ ልጅ «ደንገጎ መንገድ ላይ መኪና የገጨው ዝንጀሮ አየሁ፤ አንጎሉን ብንወስደውስ?» አለኝ። ጉጉቱን ወደድኩለት። ግን ፀሐይ ላይ የዋለ ሬሳ ለዚህ ሥራ አይሆንም። አንጎሉን ባለበት ሁኔታ የሚያቆየው ኬሚካል፣ ፓራፎርማልዴሃይድ፣ ወዲያውኑ በልብ በኩል በደም ሥሮቹ መግባት አለበት። ከዘገየ ኢንዛይሞች ፔፕታይዱን ይቆራርጡታል። ባዶ የመሰለው ሴል በሕይወት እያለ ሞልቶ ሊሆን ይችላል። ፈቃዱና የበሽታው አደጋ ሳይነሳ ማለት ነው።

ድሬዳዋ የምትሠሩ፣ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይዱን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ። ቀይ የደም ሴሎች በራሳቸው ያላቸውን ፐሮክሲዴዝ መሰል ሥራ አስቀድሞ የሚያጠፋው እሱ ነው፤ በሙቀት ጉልበቱ ካለቀ ቀይ የደም ሴሎች ራሳቸው ቡናማ ይሆናሉ።

በቡናማው ፈንታ በፍሎረሰንስ (ብርሃን በሚሰጥ ቀለም) ስትሠሩ ያረጀ ጦጣ ያታልላል። ከዕድሜ ጋር ሴሎቹ ውስጥ የተጠራቀመው ሊፖፈስሲን የሚባል ቅሪት ያለ ምንም አንቲቦዲ ያበራል። አንዱ ነጠብጣብ በአረንጓዴውም በቀዩም ማጣሪያ ከታየ ጠርጥሩት። ሱዳን ብላክ የሚባለው ጥቁር ማቅለሚያ ይቀንሰዋል።

ፎቶውን ደግሞ የኮርቴክሱ የመጨረሻ በሆነው በስድስተኛው ንብርብር ላይ አትቁረጡት። ከሥሩ ባለው ነጭ ክፍል ውስጥም የሶማቶስታቲን ሴሎች አሉ።