የመም ብስክሌት በትንሽ ገንዘብ፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

እኛ ፒስታ ስንል አስፋልት ያልለበሰ መንገድ ማለታችን ነው። በጣሊያንኛ ግን ቃሉ የውድድር መምንም ይጠራል። ለዚህ ነው የመም ብስክሌት «ፒስታ» ተብሎ ሲሸጥ የምታዩት። እኛ በምናውቀው ፒስታ ላይ እንዳትነዱት ብቻ አደራ፤ ጎማው ቀጭን ነው፣ ኮረኮንች አይችልም።

ይህ ብስክሌት ማርሽ የለውም። ካቴናው የሚያዞረው የኋላ ጥርስ ከጎማው ጋር የተቆለፈ ነው። ጎማው ከዞረ ፔዳሉም ይዞራል፤ እየሄዱ እግር ማሳረፍ የለም። ለውድድር የተሠራው ፍሬንም የለውም። ዕቃው ጥቂት ስለሆነ ዋጋው ይቀንሳል፣ ቤት ውስጥ መጠገንም ይቻላል። ግን ካለው ዕቃ አንዱ ሲበላሽ ወዲያው እግራችሁ ይሰማዋል።

የምነዳው ለንደን ነው። የመጀመሪያዬን በ180 ፓውንድ ከሰው እጅ ገዛሁ። ቀለሙ ነው የማረከኝ። ስድስት ወር ሳይሞላ ለጥገና ሌላ ያንኑ ያህል አወጣሁ። ዛሬ ማንም ቢጠይቀኝ መልሴ አንድ ነው፤ ገንዘባችሁ ትንሽ ከሆነ መጀመሪያ የኋላ ቸርኬ ላይ፣ ቀጥሎ ካቴናና ጥርስ ላይ አውሉት። መሪውና መቀመጫው ይደርሳል።

ገና ሳትገዙ፦ «የመም ብስክሌት ነው» ይላል ሻጩ

መጀመሪያ የኋላ አክስሉ የሚገባበትን ክፍተት እዩ። በእውነተኛ የመም ፍሬም ላይ ክፍተቱ አግድም ነው፣ አፉም ወደ ኋላ የተከፈተ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ካቴናውን የሚወጥር ሌላ መሣሪያ ስለሌለ ጎማውን ወደ ኋላ በመሳብ ነው የሚወጠረው። ክፍተቱ ወደ ታች ከተከፈተ ፍሬሙ ማርሽ ላለው ብስክሌት የተሠራ ነው። ካቴናውን ልክ ማድረግ አትችሉም፤ ተዉት።

ቀጥሎ ሜትር አውጡ። በሁለቱ የኋላ ክፍተቶች መካከል ያለው ስፋት 120 ሚሊሜትር፣ የፊቱ 100 መሆን አለበት። የብረቱንም ዓይነት ጠይቁ። ክሮሞሊ ከሆነ ቀለል ይላል፣ ጠንካራም ነው። ሃይ ቴን የሚባለው ርካሹ ብረት ይከብዳል እንጂ ለመማሪያ መጥፎ አይደለም። ቱቦዎቹ የተበየዱበትን ቦታ፣ በተለይ ከመሪው ሥር፣ በጣታችሁ ዳስሱት። ቀለሙ የተሸበሸበ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ብስክሌቱ ከፊት ተጋጭቷል። ዋጋውን ግማሽ ቢያደርግላችሁም አትግዙ።

አዲስ መግዛት ለሚፈልግ፣ ዋናው ዓላማውም መም ላይ መንዳት ከሆነ፣ ዶላን ፕሪ ከርሳ የሚባለው ብስክሌት በዚህ አገር ጀማሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው። አሉሚኒየም ነው፣ የመም ቅርጽ አለው፣ ከሰው እጅም ይገኛል።

ፔዳሉን ስገታው «ቋ» ብሎ ይንሸራተታል

ከሁሉም አደገኛው ይሄ ነው። እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንቆይ።

ወደፊት ስትረግጡ የኋላ ጥርሱ ይበልጥ ይጠብቃል። ፍጥነት ለመቀነስ ፔዳሉን ስትገቱት ደግሞ ሊፈታ ይሞክራል። እንዳይፈታ የሚይዘው ከላዩ ያለው መቆለፊያ ቀለበት ነው። የቀለበቱ ጠመዝማዛ ተቃራኒ ነው፤ ወደ ግራ ሲዞር ይጠብቃል። ስለዚህ ጥርሱ ሊፈታ ሲል ቀለበቱን እየገፋ ያጠብቀዋል። ብልሃቱ በሙሉ እዚህች ቀለበት ላይ ነው።

«ቋ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ፣ ወይም ፔዳሉ ትንሽ ባዶውን ሄዶ ከያዘ፣ ያን ቀን መንዳት አቁሙ። የኋላውን ጎማ አውጡና የሞዞውን፣ ማለትም አክስሉ የሚያልፍበትን የጎማውን መሃል፣ ቀኝ ጎን እዩ። ሁለት ደረጃ አለው? ትልቁ ደረጃ የጥርሱ ነው፣ ትንሹ ደግሞ የቀለበቱ። ሁለቱም ካሉ ችግሩ ምናልባት አለመጥበቁ ብቻ ነው። አንድ ደረጃ ብቻ ካለው ግን ሞዞው በነፃ ለሚዞር፣ እየሄዱ እግር ማሳረፍ ለሚያስችል ጥርስ የተሠራ ነው። አንድ ሰው የማይገባ ጥርስ ገጥሞበታል ማለት ነው።

የእኔው እንደዚያ ነበር። የቀድሞው ባለቤት ከአሮጌ ብስክሌት የፔዳል አክስል ላይ የወጣ ቀለበት አስሮበታል። ቀለበቱ ጠመዝማዛው ተቃራኒ ስላልሆነ ከጥርሱ ጋር አብሮ ይፈታል። በገዛሁ በሁለተኛው ሳምንት ቁልቁለት ላይ፣ ቀይ መብራት ፊት ለፊት፣ እግሬ በባዶ ዞረ። የፊት ፍሬን ስለነበረኝ ተረፍኩ።

ሞዞው ትክክለኛ ከሆነ እንዲህ ጠግኑት። ጠመዝማዛውን በጨርቅ አጽዱ፣ ስስ ግራሶ ቀቡት። ጥርሱን መጀመሪያ በእጅ አስገቡት። በእጅ ሲገባ ከታገላችሁ ተጣሞ ገብቷልና መልሳችሁ ፍቱት፤ በጉልበት ከገፋችሁት ጠመዝማዛውን ትበሉታላችሁ። ከዚያ ቁራጭ ካቴና በተሠራለት መፍቻ አጥብቁት። ቀለበቱን በራሱ መንጠቆ ቁልፍ ወደ ግራ እሰሩ። አሁን ጎማውን ግጠሙና አጭር ዳገት በኃይል ረግጣችሁ ውጡ። እግራችሁ ከየትኛውም መፍቻ ይበልጣልና ጥርሱ ጥቂት ይጨምራል። ተመለሱና ቀለበቱን እንደገና አጥብቁ። በዚህ መሃል ፔዳሉን አትግቱ።

ጠመዝማዛው ከተበላ ወይም ሞዞው ባለ አንድ ደረጃ ከሆነ መፍትሄው አዲስ የኋላ ቸርኬ ነው። ሙጫ፣ ብየዳ፣ «ለጊዜው» የሚባል ነገር እዚህ ቦታ አይሠራም።

የፊት ፍሬንን ነገር ላንሳና ልለፍ። የብሪታንያ ሕግ መንገድ ላይ የሚነዳ ብስክሌት ሁለት ራሳቸውን የቻሉ ፍሬኖች እንዲኖሩት ይጠይቃል። የተቆለፈው የኋላ ጎማ እንደ አንዱ ይቆጠራል። የፊቱ ፍሬን ግን ግዴታ ነው። የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ በብዙ የመም ብስክሌት ላይ የፍሬን ቀዳዳ የለውም። ራሳችሁ አትብሱት፤ ከመግዛታችሁ በፊት ቀዳዳ መኖሩን እዩ፣ ከሌለው ቀዳዳ ያለው ሹካ ቀይሩለት።

ካቴናው ይወልቃል፣ ወይም ያጉረመርማል

በነፃ የሚዞር ብስክሌት ላይ ካቴና ቢወልቅ ቆማችሁ ትመልሱታላችሁ። እዚህ ግን ጎማውን ሊቆልፈው ይችላል፤ ካቴናው ውስጥ የገባ የሱሪ ጫፍም እንዲሁ አደገኛ ነው።

የተለመደው ምክንያት መላላት ነው። ካቴናውን መሃሉ ላይ በጣታችሁ ከፍና ዝቅ አድርጉት። በጠቅላላ ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲሜትር ቢንቀሳቀስ ልክ ነው። ጨርሶ ከተወጠረ ኩሽኔታውን ይበላል፣ ሲዞርም ይከብዳል።

አንዳንዴ ግን አንድ ቦታ ላይ ይወጠርና ግማሽ ዙር ሲሄድ ይላላል። ይሄ የፊት ጥርሱ መሃሉን ስቶ ሲታሰር የሚመጣ ነው። የፊት ጥርሱን የያዙትን አምስት ብሎኖች ትንሽ አላሉ። ፔዳሉን ቀስ ብላችሁ አዙሩና ካቴናው በጣም የተወጠረበት ቦታ ላይ አቁሙት። እዚያው ካቴናውን በመፍቻ እጀታ በቀስታ መታ መታ አድርጉት። ጥርሱ ራሱ ወደ መሃል ይጠጋል። እንደገና አዙሩ፣ እንደገና መታ አድርጉ፣ ከዚያ ብሎኖቹን አጥብቁ። 20 ደቂቃ ይወስዳል፤ ብስክሌቱ ሲዞር ግን ዝም ይላል። እኔ ከጥገና ሥራ ሁሉ በጣም የምወደው ይሄን ነው።

ካቴናው ልክ ሆኖ እያለ የሚያጉረመርም ከሆነ የፊቱና የኋላው ጥርስ ፊት ለፊት አልተያዩም። ከመቀመጫው ቱቦ መሃል እስከ ፊት ጥርሱ ያለውን ርቀት ለኩ። ከኋላ ደግሞ ከሞዞው መሃል እስከ ጥርሱ ለኩ። የመም ሞዞ አብዛኛውን ጊዜ 42 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ፊቱ በ3 ሚሊሜትር ከራቀ የፔዳል ክንዶቹ የሚገቡበትን የመሃል አክስል በአጭር መቀየር ያስፈልጋል። አክስሎቹ 103፣ 107፣ 110.5 እየተባሉ በሚሊሜትር ይሸጣሉ።

የካቴናውንም ስፋት አጣሩ። የመም ካቴና 1/8 ኢንች ነው፣ ቀጭኑ ደግሞ 3/32። ሰፊ ካቴና ቀጭን ጥርስ ላይ ይሠራል። ቀጭኑ ግን ሰፊ ጥርስ ላይ አይገባም።

ጎማው ከግራ በኩል ፍሬሙን ይነካል

ዳገት ላይ በኃይል ስትረግጡ ካቴናው የአክስሉን ቀኝ ጫፍ ወደፊት ይስበዋል። የጎማው ፊት ወደ ግራ ዞሮ ፍሬሙን ይፋቃል። ዳዶው በቂ አልያዘም ማለት ነው።

የአክስሉን ጠመዝማዛ ግራሶ ቀቡት፤ ደረቅ ከሆነ ዳዶው ሳይጠብቅ የጠበቀ ይመስላችኋል። ሮንዴላው ጥርስ ያለውና ከዳዶው ጋር የተያያዘ ይሁን። አክስሉ በሚቀመጥበት ቦታ ወፍራም ቀለም ካለ ፋቁት። በ15 ቁጥር ቁልፍ ስታጠብቁ የቁልፉ እጀታ ረዘም ያለ ይሁን። ይሄ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ከተንሸራተተ፣ አክስሉን ወደ ኋላ የሚይዝ ትንሽ የካቴና መወጠሪያ አለ። ዋጋው ትንሽ ነው፣ በቀኝ በኩል አንድ ይበቃል።

የግራው የፔዳል ክንድ ይላላል

ርካሽ ብስክሌት ላይ ክንዱ ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው፣ የሚገባበት አክስል ጫፍ ደግሞ ባለ አራት ማዕዘን ብረት። ላልቶ እያለ ከተነዳ ብረቱ የክንዱን ቀዳዳ ያሰፋዋል። ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ብታጠብቁት አይቆምም፤ ክንዱ ይቀየራል። ስለዚህ ያንን «ቲክ ቲክ» የሚል ድምፅ እንደሰማችሁ ውረዱ። ብሎኑ የሚፈልገው ከ35 እስከ 40 ኒውተን ሜትር ነው፤ በአጭር ቁልፍ በቀላሉ አይገኝም። ስትቀይሩ የአክስሉ ጫፍ በጂስ (የጃፓን) ልክ ይሁን በኢሶ (የዓለም አቀፍ) ልክ የተሠራ ጠይቁ። ሁለቱ ይመሳሰላሉ ግን ልክ አይገጥሙም። ግራውን ፔዳል ስትፈቱም ጠመዝማዛው ተቃራኒ መሆኑን አስታውሱ።

ጉልበቴን ያመኛል፣ የኋላ ጎማዬም ቶሎ አለቀ

ሁለቱም ከጥርስ ቁጥር ሊመጡ ይችላሉ። ብዙዎቹ ከሱቅ ሲወጡ ፊት 48፣ ኋላ 16 ናቸው። 48 ለ16 ሲካፈል 3 ነው፤ ፔዳሉ አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር ጎማው ሦስቴ ይዞራል፣ ወደ 6.3 ሜትር ትሄዳላችሁ። መም ላይ ለጀማሪ ጥሩ ነው። በየመብራቱ ቆሞ ለሚነሳ ሰው ግን ይከብዳል። ኋላውን 18 አድርጉት፤ ጉልበታችሁ ወዲያው ልዩነቱን ያውቀዋል።

የጎማው ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። ጎማውን ቆልፈው እያንሸራተቱ የሚያቆሙ አሉ። 48 በ16 ልክ ስለሚካፈል ሁልጊዜ አንዱ የጎማው ቦታ ብቻ ይፋቃል። 48 በ17 ቢሆን ግን ፍቀቱ 17 ቦታ ላይ ይከፋፈላል። አንድ ጥርስ ብቻ ነው የጨመራችሁት።

ያዘዝኩት መሪ አልገባ አለ

መሪ ሲገዛ የሚይዘው ክፍል ስፋት ይታያል፤ 25.4፣ 26.0 ወይም 31.8 ሚሊሜትር ነው። 25.4ቱ በ26.0 ውስጥ የገባ ቢመስልም እየነዳችሁ ይዞራል። የመቀመጫ ምሰሶም እንዲሁ፤ 27.2 እና 27.0 በዓይን አይለዩም። አሮጌው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብባችሁ እዘዙ።

መም ላይ አላስገቡኝም

ፍሬኑን ስላላወጣችሁ ይሆናል። በመም ላይ ፍሬን ክልክል ነው፤ አንዱ ድንገት ቢያቆም የኋላው ይወጣበታልና። መሪው ወደ ታች የታጠፈው ዓይነት ይሁን፣ ጫፎቹም ይደፈኑ።

ደቡብ ለንደን ያለው ኸርን ሂል እ.ኤ.አ. በ1891 የተከፈተ፣ የ1948ቱ ኦሎምፒክ የመም ውድድር የተካሄደበት ሜዳ ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ ኢትዮጵያ ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሯት፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነበሩ። ኸርን ሂል ስገባ ሁልጊዜ እሳቸው ትዝ ይሉኛል። ቦታው ብስክሌት ያከራያል። ሰፈር ውስጥ ሳይክል በደቂቃ እየተከራየ ላደገ ሰው ይሄ እንግዳ አይደለም። ከመግዛታችሁ በፊት እዚያ ተከራይታችሁ ሞክሩ፤ የሚስማማችሁን የፍሬም ቁመት ታውቃላችሁ።

በራሳችሁ ብስክሌት ከሄዳችሁ ባለ ስድስት ማዕዘን 5 ቁጥር ቁልፍ («አለን» የሚባለውን) እና 15 ቁጥር ቁልፍ ያዙ። የፊት ፍሬኑን በር ላይ ፍቱት፣ ከነኬብሉ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ቦርሳ ውስጥ ክተቱት፣ ወደ ቤት ከመነሳታችሁ በፊት መልሳችሁ ግጠሙት።